ቁልፉን የሚያምነን ደንበኛ፦ አዲስ የመኪና እጥበትና እንክብካቤ ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች



በዚህ ዕትም የምናቀርበው የኑሮ ማሻሻያ ትምህርት ተደራጅተው የመኪና እጥበትና እንክብካቤ ሥራ ለጀመሩ ወይም ሊጀምሩ ላሰቡ ወጣቶች የተዘጋጀ ነው። ስለ ማሽን አገዛዝ ወይም ስለ ቦታ አሰጣጥ በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን፤ ዛሬ የምንመለከተው ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የሚቀረውን ጉዳይ፣ ይኸውም ደንበኛ የሚገኝበትን መንገድ ነው።

ሥራ የሚጀምር ቡድን አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ መሥሪያ ቦታ፣ ስለ ውሃ መስመር፣ ስለ ግፊት ማሽንና ስለ ብድር ነው። እነዚህ ሲሟሉ በሩን ከፍቶ ደንበኛ ይጠብቃል። ደንበኛው ቢዘገይም የብድሩ መክፈያ ቀን አይዘገይም፤ ኪራዩም ወሩን ቆጥሮ ይመጣል። ብድሩ በቡድን ዋስትና የተወሰደ ከሆነ ደግሞ አንዱ ሲያቅተው ሸክሙ በሌላው ትከሻ ላይ ያርፋል። ገንዘቡ ከመጥፋቱ በፊት አብሮነቱ ይፈርሳል። ስለዚህ ደንበኛን ማሰብ ያለብን በሩ ከተከፈተ በኋላ ሳይሆን ብድሩ ከመፈረሙ በፊት ነው።

የትምህርታችን ፍሬ ነገር ይህ ነው። መኪና ለብዙ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ፣ ቤት ለሌለውም ከሁሉ በፊት፣ ውድ ንብረት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ከፍ ባለ ታክስ ሥር አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ወስኗል። ያለውን መኪና በሌላ መተካት ከባድ በሆነበት ዘመን ባለቤቱ ያለውን ጠብቆ ማቆየት ይፈልጋል። ለእንክብካቤ ሥራ ይህ መልካም በር ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ቁልፉን ለማን እንደሚሰጥም አጥብቆ ያስባል ማለት ነው። እንግዲህ ደንበኛ መፈለግ ማለት፣ የማያውቀን ሰው ቁልፉን በእጃችን እንዲያኖር በቂ ምክንያት መስጠት ነው።

1. የምናቀርበውን አገልግሎት መለየት

በተለምዶ ላቫጆ የምንለው ሥራ የመኪናውን ውጭ አጥቦ፣ ውስጡን ጠርጎና ወልውሎ ማስረከብ ነው። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ደንበኛውም ቶሎ ቶሎ ይመለሳል። እንክብካቤ የምንለው ግን ከዚህ ይሰፋል። ወንበር ፈትቶ ምንጣፉንና ጨርቁን ማጠብ፣ ክሩስኮቱንና በሮቹን በየስርጉዱ ማጽዳት፣ የደበዘዘ መብራት መወልወል፣ የቀለሙን ጭረት በፖሊሽ ማለስለስና በሰም መሸፈን በዚህ ውስጥ ይጠቃለላሉ። ይህ ሥራ ከግማሽ ቀን እስከ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ደንበኛው የሚመለሰው ግን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው።

ሁለቱ የተለያየ ደንበኛ አላቸው፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ለሁለተኛው በር ይከፍታል። መኪናውን ለሁለት ወር ሲያጥብልን የኖረ፣ አንድም ጊዜ ያልከፋው ሰው፣ ወንበሩን ፍቱልኝ ለማለት አይፈራም። ከመንገድ መጥቶ በመጀመሪያው ቀን ቀለሙን በፖሊሽ ማሽን እንድንነካ የሚፈቅድ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በእጥበት እንታወቅ፤ በእንክብካቤ እንደግ።

2. ስንት ደንበኛ ያስፈልገናል?

«ብዙ ደንበኛ» ግብ ሊሆን አይችልም፤ ቁጥር የለውምና። ለትምህርት ያህል በአንድ ምሳሌ እናስላ፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን አካባቢ ዋጋ ይተካበት።

አምስት አባላት ያሉት ቡድን በወር ለኪራይ 12,000 ብር፣ ለውሃና ለመብራት 6,000 ብር፣ ለብድር ክፍያ 9,000 ብር፣ ለእያንዳንዱ አባል መተዳደሪያ 6,000 ብር በድምሩ 30,000 ብር ያስፈልገዋል እንበል። ጠቅላላው 57,000 ብር ነው። የአንድ መኪና እጥበት ዋጋ 250 ብር፣ ለሳሙናና ለልዩ ልዩ ዕቃ የሚወጣው 50 ብር ቢሆን፣ ከአንድ መኪና 200 ብር ይተርፋል። 57,000 ለ200 ሲካፈል 285 ይሆናል። በወር 26 የሥራ ቀን ብንሠራ በቀን 11 መኪና ማለት ነው።

አንድ ደንበኛ በወር ሁለት ጊዜ ቢመጣ 285 እጥበት ከ143 ሰዎች ይገኛል። እንግዲህ የምንፈልገው የከተማውን መኪና ሁሉ አይደለም፤ የሚመለሱ 143 ሰዎችን ነው። ይህ ቁጥር አያስፈራም፤ በአንድ ሠፈር ውስጥ በስም ሊታወቅ የሚችል ነው። በወር 10 መኪናዎች ሙሉ እንክብካቤ ቢያገኙና ከእያንዳንዱ 2,200 ብር ቢተርፍ ደግሞ 22,000 ብር ይሸፈናል፤ ለቀሪው 35,000 ብር በቀን ሰባት መኪና ማጠብ ይበቃል።

በዚሁ ስሌት ዋጋ መስበር ምን እንደሚያስከትል እንመልከት። ጎረቤት ያለውን ላቫጆ ለመቅደም ዋጋውን ከ250 ወደ 200 ብር ብናወርድ የሚተርፈን 150 ብር ብቻ ይሆናል። ያንኑ 57,000 ብር ለማግኘት 380 መኪና፣ በቀንም 15 መኪና ገደማ ማጠብ ግድ ይላል። ዋጋው በአምስተኛ ሲቀንስ ድካሙ በሦስተኛ ይጨምራል። የደከመ እጅ ደግሞ ጥግ ጥጉን ይዘልላል፤ ደንበኛውም ያንን ያያል። በርካሽ ዋጋ የመጣ ደንበኛ ከእኛ የረከሰ ሲያገኝ ይሄዳል።

3. ደንበኛው ማን ነው?

የመኪና ባለቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ፍላጎት የለውም። ቢያንስ አራት ወገኖችን ለይተን እናስብ።

ሀ. የቤት መኪና ያለው ሰው። የሚፈልገው ንጽሕናና ጥንቃቄ ነው። ቅዳሜ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ አጠገባችን ቆሞ ይጠብቃል። የሚቀመጥበት ጥላ፣ ንጹሕ ወንበርና «በዚህ ሰዓት ይደርሳል» የሚል እውነተኛ ቃል ያስፈልገዋል።

ለ. በመኪናው እንጀራ የሚበላ ሰው። በስልክ ጥሪ የሚሠሩ የታክሲ አሽከርካሪዎችና የሚኒባስ ባለቤቶች በዚህ ይመደባሉ። ለእነርሱ የቆመ መኪና የተቋረጠ ገቢ ነው። ስለዚህ ጠዋት ተሳፋሪ ሳይበዛ ወይም ማታ ሥራ ሲያበቃ የሚከፈት በርና ፈጣን እጅ ይፈልጋሉ። ሠራተኛው ከሰዓቱ ጋር ከተስማማ በየሳምንቱ፣ እንዲያውም በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይመለሳሉ።

ሐ. ድርጅቶች። ትምህርት ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ የመኪና አከራዮችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በቋሚነት የሚታጠቡ መኪናዎች አሏቸው። 10 መኪና ያለው አንድ ድርጅት በሳምንት አንድ ጊዜ ቢያሳጥብ በወር 40 እጥበት ነው። ከድርጅት ጋር ለመሥራት ግን የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ሕጋዊ ደረሰኝ ግድ ነው። አብዛኞቹ ከመወሰናቸው በፊት ከተለያዩ አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ይሰበስባሉ። ማኅተም ያለው፣ የአገልግሎቱን ዝርዝር የያዘ ፕሮፎርማ አዘጋጅቶ በእጅ ማድረስ ከመቶ ወረቀት ብተና ይበልጣል። ድርጅት የሚከፍለው ከሥራው በኋላ መሆኑንም አንርሳ፤ ክፍያው እስኪመጣ የሚያቆየን ጥሬ ገንዘብ ሳይኖር ሥራውን ሁሉ በዱቤ መያዝ አደገኛ ነው።

መ. መኪና የሚሸጡ ሰዎችና ደላሎች። ሊሸጥ ያለ መኪና ታጥቦና ተወልውሎ ሲቀርብ ለዓይን ይማርካል፤ ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ለሙሉ እንክብካቤ ጥሩ ደንበኞች ናቸው። ከእነርሱ ጋር ስንሠራ ግን አንድ መስመር አለ። መኪናን ማጽዳት ሥራችን ነው፤ ጉድለትን መሸሸግ ግን ሥራችን አይደለም። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ገዢው በሚመጣበት ሰዓት እንዲታጠብ፣ የዝገት ምልክት በቀለም እንዲሸፈን ብንጠየቅ እንቢ እንበል። ደላላው የዛሬ ደንበኛችን ቢሆን ገዢው የነገ ደንበኛችን ነው፤ መኪናውንም የት እንደታጠበ ያውቃል።

4. የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ከየት ይመጣሉ?

የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ከምናውቃቸው ሰዎች መካከል ይመጣሉ። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የዕድርና የዕቁብ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞች ወላጆች፣ ቀድሞ የሠራንበት መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ተራ በተራ በስም ይጻፉ። አምስት አባላት እያንዳንዳቸው 20 ስም ቢጽፉ 100 ሰው ይሆናል። ከእነርሱ መኪና ያላቸው፣ ወይም መኪና ያለውን ሰው የሚያውቁ፣ ተለይተው በአካል ይጎብኙ። «ሥራ ጀምረናል፤ መጥተው ይዩን፤ ጉድለታችንንም ይንገሩን» ማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻል። ሰው ስላዘነልን አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚመጣው ስለ ረካ ነው። ስለዚህ «ሥራ አጥ ወጣቶች ነን፤ እርዱን» በሚል ቃል ደንበኛን አንጥራ። እርዳታ የሰጠ ሰው ግዴታውን እንደ ተወጣ ያስባል፤ አገልግሎት የገዛ ሰው ግን ሲቆሽሽ ይመለሳል። በዝምድና ብቻ በነጻ ወይም በዱቤ ማጠብንም ከመጀመሪያው እንወስን፤ ወሰን ያልተበጀለት ዝምድና ሥራውን ይበላል።

ለማያውቁን ሰዎች ደግሞ ከቃል ይልቅ የሚታይ ነገር እናቅርብ። ከልማዳዊ ዘዴዎች አንዱ የሞተር ክዳኑን፣ ማለትም ኮፈኑን፣ በወረቀት ፕላስተር ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ብቻ በፖሊሽ መሥራት ነው። ባለቤቱ ፈቅዶ፣ ፕላስተሩ ሲነሣ፣ የደበዘዘውና ያበራው ክፍል ጎን ለጎን ይታያል፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከእጥበት በፊትና በኋላ የተነሡ ፎቶግራፎችን በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ማሳየትም ይጠቅማል። የባለቤቱ ፈቃድ ይቅደም፤ የታርጋው ቁጥርም ይሸፈን። የመሥሪያ ቦታውን በጉግል ካርታ ላይ ማስመዝገብ፣ የዋጋ ዝርዝርን በትልቁ ጽፎ በር ላይ መስቀልና በቴሌብር መክፈል እንደሚቻል ማሳወቅ ወጪያቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው ብዙ ነው። ዋጋ ያልተጻፈበት ቤት መግባት ለእንግዳ ሰው ያስፈራል።

5. የቁልፉ አደራ

በመኪና ውስጥ ሰነድ፣ መነጽር፣ የልጅ መጫወቻ፣ ሳንቲም፣ አንዳንዴም ብዙ ገንዘብ ይቀመጣል። ከኪስ የወደቀ 50 ብር ጠፋ የሚል አንድ ወሬ የዓመት ድካም ያፈርሳል። ስለዚህ አደራን በመልካም ፈቃድ ብቻ አንተው፤ ሥርዓት እናብጅለት።

መኪናው ሲገባ አንድ አባል ከባለቤቱ ጋር ዞሮ ያያል። የነበረ ጭረት፣ የተሰነጠቀ መብራት፣ የላላ ስፖኪዮ በአንዲት አጭር ቅጽ ላይ ይጻፋል። ባለቤቱ ዋጋ ያለውን ዕቃ እንዲወስድ ይጠየቃል፤ የቀረው በቅጹ ላይ ይሰፍራል። በጽዳት ጊዜ የተገኘ ነገር ሁሉ፣ አንድ ሳንቲምም ቢሆን፣ በላስቲክ ተደርጎ ከቁልፉ ጋር ይመለሳል። ይህ ትንሽ ልማድ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይነገራል። መኪናውን ከቦታ ቦታ የሚያንቀሳቅሰው መንጃ ፈቃድ ያለው አባል ብቻ ይሁን። ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ባለቤቱ ሳያየው በፊት እኛ እንንገረው፤ ለዚህም ከየወሩ ገቢ ጥቂት ገንዘብ ለጥገና ይቀመጥ።

አደራው በእጅ ሥራም ይገለጣል። የልብስ ሳሙና ዱቄት በቀለሙ ላይ ያለውን ሰም ያስለቅቃል። ናፍጣ ለጊዜው ያብለጨልጫል፤ በኋላ ግን አቧራ ይሰበስባል፣ ጎማነት ያላቸውን ክፍሎችም ይጎዳል። መሬት የወደቀ ጨርቅ አሸዋ ይዞ ቀለሙን ይቧጭራል። ስለዚህ አንዱ ባልዲ ለሳሙና ውሃ፣ ሌላው ጨርቅ ለማለቅለቂያ ይለይ፤ የቸርኬ ጨርቅ ለአካሉ አይዋል። በጠራራ ፀሐይ ወይም ኮፈኑ ገና ትኩስ ሳለ አናጥብ፤ ውሃው ደርቆ ነጠብጣብ ይተዋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ሲመጣ ከቻርጅ መነቀሉ ይረጋገጥ፤ የግፊት ውሃም በኮፈኑ ሥር ወዳሉት የኤሌክትሪክ ክፍሎችና ወደ ቻርጅ መሰኪያው አይርጭ። ይህን ሁሉ ለደንበኛው በአጭሩ ብንነግረው የምንሠራውን እንደምናውቅ ይረዳል፤ ከሌላው የምንለይበትንም ምክንያት ለባልንጀራው ይናገራል።

6. በአቅራቢያ ያሉ ሙያዎች

ጋራዥ፣ ጎሚስታ፣ የላሜራና የቀለም ሠራተኛ፣ ታፒሰሪ፣ የመለዋወጫ ዕቃ መደብር፣ ነዳጅ ማደያ፤ እነዚህ ሁሉ የእኛን ደንበኛ በየቀኑ ያያሉ። ከጋራዥ የወጣ መኪና የቅባት እጅ አለበት፤ ከቀለም ቤት የወጣ ደግሞ ፖሊሽ ይፈልጋል። ከእነርሱ ጋር በግልጽ ውል መስማማት ይቻላል፤ እነርሱ ወደ እኛ ይልካሉ፣ እኛም የተቀደደ ወንበር ስናይ ወደ ታፒሰሪው፣ የሳሳ ጎማ ስናይ ወደ ጎሚስታው እንልካለን። አንድ ነገር ግን እንጠብቅ፦ ደንበኛን የምንልከው ሥራውን ወደምናውቀው ባለሙያ ብቻ ይሁን። የላክነው ሰው ቢበደል የሚወቀሰው የላከው ነው።

7. ወቅትን ማወቅ

ሥራው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። በክረምት ጭቃ ስላለ ሥራ የሚበዛ ይመስላል፤ ሆኖም ብዙ ሰው «ነገ ይዘንባል» እያለ እጥበቱን ያዘገያል። በዚህ ወቅት የሥር እጥበትንና እርጥበት የያዘ ምንጣፍ ማድረቅን ማቅረብ ይጠቅማል። ክረምቱ ሲያልፍና አዲስ ዓመት ሲገባ ደግሞ የውስጥ እጥበት ይፈለጋል።

ሠርግ በጾም ወራት ስለማይደረግ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ፣ እንዲሁም ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይበዛል። የሙሽራ መኪናና አጃቢዎች በአንድ ጠዋት አብረው የሚታጠቡ በመሆናቸው ከመኪና አከራዮችና ከአበባ አስጊያጮች ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። በዋዜማ በዓላት ደግሞ ሰልፍ ይበዛል፤ ለቋሚ ደንበኞች በስልክ ቀጠሮ እንያዝላቸው። ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ የሚቀርብ መኪናም እጥበት ይፈልጋልና የእያንዳንዱን ደንበኛ የቦሎ ወር በመዝገባችን ላይ ብንይዝ በጊዜው ደውለን ማስታወስ እንችላለን። የሚሞላውን ወራት ገንዘብ ሁሉ ሳንከፋፈል ለቀዝቃዛው ወራት ኪራይ ማስቀመጥም የዚሁ ጥበብ አካል ነው።

8. ውሃና ጎረቤት

ቆሻሻ ውሃውን ወደ መንገድ የሚለቅ ላቫጆ ደንበኛ ሳያጣ ሊዘጋ ይችላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል፤ የከተማ አስተዳደሮችም ወንዞችን በሚመለከት የራሳቸውን ቁጥጥር ያደርጋሉ። አሸዋና ጭቃ የሚያስቀር፣ ዘይትንም ከውሃ የሚለይ ጉድጓድ አስቀድሞ ይሠራ። ይህን ማድረግ ከቅጣት ከማዳኑ ሌላ ለደንበኛ ፍለጋም ይረዳል። ደጃፏ በጭቃ የተበላሸባት ጎረቤት ለሚጠይቃት ሁሉ ስለ እኛ ምን እንደምትናገር እናስብ። ደጃፏን የምናጸዳላት ከሆነ ግን ያለ ክፍያ ምስክራችን ትሆናለች።

9. መዝገብ

በየቀኑ ማታ አምስት ነገሮች ይጻፉ፦ የመኪናው ዓይነት፣ የባለቤቱ ስልክ፣ የተሠራው ሥራ፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ እና «እንዴት ሰሙ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ። በወሩ መጨረሻ ሁለት ቁጥር ይወጣል፤ ስንት አዲስ ሰው መጣ፣ ስንትስ ተመለሰ። አዲስ ሰው እየመጣ የሚመለስ ከሌለ ችግሩ ከማስታወቂያ ሳይሆን ከሥራው ነውና ማስታወቂያ መጨመር የሚያጠፋውን ፍጥነት ብቻ ይጨምራል። የሚመለሱት እየበዙ አዲስ ሰው ካነሰ ደግሞ እነዚያኑ ወዳጆች «አንድ ሰው ያምጡልን» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለሦስት ሳምንት ያልመጣ ቋሚ ደንበኛ ይደወልለት፤ «ምን አጎደልን?» ተብሎ በትሕትና ይጠየቅ። ብዙ ሰው ቅሬታውን አይናገርም፤ መንገዱን ይቀይራል እንጂ።

ማጠቃለያ

የሚያስፈልገን ቁጥር የታወቀ ነው፤ ወገኖቹም ተለይተዋል፤ መንገዱም ውድ አይደለም። የሚከብደው 143ኛው ሰው እንደ መጀመሪያው ሰው በጥንቃቄ እንዲስተናገድ ማድረግ ነው። ቡድኑ ከደከመው ሰዓት በኋላ የሚመጣው የመጨረሻ መኪና፣ ማንም የማያየው የወንበር ሥር፣ ማንም ያልቆጠረው ሳንቲም፤ ብድሩን የሚከፍሉትና አብሮነቱን የሚያቆዩት እነዚህ ናቸው። ይህንም ወንድሞችና እኅቶች በየሳምንቱ ስብሰባቸው እየተነጋገሩ እንዲያጸኑት አደራ እንላለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የቡድናችሁን የወር ወጪ ዘርዝሩ። በቀን ስንት መኪና፣ በወርስ ስንት ተመላላሽ ደንበኛ ያስፈልጋችኋል?
2. ከአራቱ የደንበኛ ወገኖች ለአካባቢያችሁ የሚቀርበው የትኛው ነው? በየትኛው ሰዓትስ ይመጣል?
3. የመኪና መረከቢያ ቅጽ በአንድ ገጽ አዘጋጁ። በመኪናው ውስጥ የተገኘን ዕቃ የሚይዘውና የሚያስረክበው ማን ነው?
4. አንድ ደላላ የመኪናውን ጉድለት እንድትሸፍኑለት ከፍ ያለ ክፍያ ቢያቀርብ ምን ትመልሳላችሁ? ምላሹን ከአሁኑ ተስማሙበት።
5. ዘመድና ወዳጅ በዱቤ ሲጠይቅ የምትሰጡት መልስ ምንድን ነው? ሁሉም አባል አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣልን?